ጤና መድህኑን ለማስፋት ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ለደሴና ለኮምቦልቻ የአማራጮች ንጽጽር

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን (ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ ሲታመም የሚታከምበት) ነገር ሲነሣ፣ ቦታው ምክር ቤትም ይሁን የቅሬ (የእድር) ስብሰባ፣ ክርክሩ ቶሎ ብሎ «መዋጮው ይጨመር ወይስ ባለበት ይቆይ» ወደሚለው ይወርዳል። መዋጮ ከገንዘብ ምንጮቹ አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሳይታዩ እሱ ላይ ብቻ ሲጨቃጨቁ የሚወጣው ውሳኔ ብዙ ጊዜ አባል የሚያባርር ይሆናል። ይህ መመሪያ ለከተማ ጤና ባለሙያ፣ ለምክር ቤት አባል፣ ለቅሬ ዳኛና ለፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል የተዘጋጀ ነው።

እያንዳንዱን ምንጭ በሦስት ጥያቄ መዝኑት። ማን ይሰበስበዋል? ቋቱ (የመድህኑ የጋራ ገንዘብ) ውስጥ የሚገባው በየትኛው ወር ነው? ማንን ይዘላል? «ስንት ያስገባል» የሚለው በአራተኛነት የሚመጣ ነው፤ በወረቀት ላይ ብዙ የሚያስገባ ምንጭ በሰኔ ከደረሰ፣ በሚያዝያ መድኃኒት ያጣውን ጤና ጣቢያ አያድነውም።

መነሻው፦ ሁለት መድህን፣ አንድ ክፍተት

ሕጉ ያሰበው ሁለት መንገድ ነው። ለደመወዝተኛው ማኅበራዊ ጤና መድህን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ለገበሬው፣ ለቸርቻሪው፣ ለባጃጅ ሾፌሩና ለቀን ሠራተኛው ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፉ መጣ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ እዚሁ ጎረቤት ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። ስለዚህ በደቡብ ወሎ ይህ ሥርዓት አዲስ አይደለም፤ የሚሠራውም የሚሰናከለውም በቅርብ የታየ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አገሩን ሲያዳርስ የመጀመሪያው ከአዋጁ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በይደር ቆየ። ውጤቱ ኮምቦልቻ ላይ ፊት ለፊት ይታያል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሸሚዝ የሚሰፋው ሠራተኛ ደመወዝተኛ ስለሆነ የማኅበረሰብ አቀፉ ዒላማ አይደለም፤ የራሱ መድህን ደግሞ አልደረሰለትም። ገጠር ያሉት አባቱ የመድህን ደብተር ይዘው ሲታከሙ እሱ በኪሱ ይታከማል።

መዋጮ መጨመር፦ ቀላል የሚመስለው

ሰብሳቢው ያው ነው፣ ደረሰኙም ያው ነው፣ ስሌቱም ቀላል ነው። ለዚህም ነው ሁሉም መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋበት። እስቲ በቁጥር እንየው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተያዙ እንጂ የየትኛውም ከተማ ሒሳብ አይደሉም፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

20,000 ቤተሰብ በዓመት 1,000 ብር ይከፍላል፤ 20 ሚሊዮን ብር። መክፈል ለማይችሉ 4,000 ቤተሰቦች መንግሥት በተመሳሳይ ዋጋ 4 ሚሊዮን ብር ይሸፍናል። ጠቅላላ ገቢ 24 ሚሊዮን። በቤተሰብ በአማካይ 4.5 ሰው ብንይዝ 108,000 ተጠቃሚ አለ። አንድ ሰው በዓመት 0.8 ጊዜ ቢታከምና አንዱ ሕክምና በአማካይ 300 ብር ቢያስወጣ፣ 86,400 ሕክምና፣ 25.92 ሚሊዮን ብር ወጪ ነው። ጉድለቱ 1.92 ሚሊዮን ብር።

አሁን መዋጮውን 10 በመቶ ጨምሩ፤ 1,100 ብር ይሁን። በስብሰባ ላይ የሚቀርበው ስሌት ሁሉም አባል እንደሚቆይ አድርጎ ነው፤ አይቆይም። ከከፋዮቹ 15 በመቶው፣ ማለትም 3,000 ቤተሰብ አባልነቱን ሳያድስ ቢቀርስ? ሳያድስ የሚቀረው ማን እንደሆነ ይታወቃል፦ ዓመቱን ያልታመመው ነው። እነዚህ በሰው 0.3 ጊዜ ብቻ ይታከሙ ነበር እንበል። ከፋዮቹ 17,000 ሆነው 18.7 ሚሊዮን ያስገባሉ፤ የመንግሥት ሽፋን በአዲሱ ዋጋ 4.4 ሚሊዮን ይሆናል፤ ድምሩ 23.1 ሚሊዮን። ሕክምናው በ4,050 ብቻ ቀንሶ 82,350 ይሆናል፤ ወጪው 24.705 ሚሊዮን ብር። ጉድለቱ 1.605 ሚሊዮን።

ጉድለቱ በ315,000 ብር ጠበበ ማለት ነው። ነገር ግን በዚሁ ስሌት ውስጥ መንግሥት 400,000 ብር ጨምሯል። ጭማሪው ከአባላት ምንም አላመጣም፤ እንዲያውም ካመጣው ያጎደለው በለጠ፤ 13,500 ሰውም ከመድህን ውጪ ሆነ። ከከፋዮቹ የሚወጡት 8 በመቶ ብቻ ቢሆኑ ጉድለቱ ወደ 632,000 ብር ይወርድ ነበር። ስለዚህ ወሳኙ ቁጥር የጭማሪው መጠን ሳይሆን የእድሳት መጠኑ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከመቶ ስንቱ እንዳደሰ በየቀበሌው ሳያወጡ ጭማሪ መወሰን በጨለማ መቁረጥ ነው።

በምዝገባ ዘመቻ ሁሌም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው። ጣጣው ሃያ አምስቱ «ዘንድሮ አልታመምኩም» ብለው የሄዱ ጊዜ ነው፤ ሎሚውን የሚሸከሙት በሽተኞቹ ብቻ ይሆናሉ።

መዋጮን በአቅም መደልደል፣ በትንሽ በትንሹ መሰብሰብ

ጠቅላላውን ሳይጨምሩ ክፍፍሉን መለወጥ ይቻላል። እነዚያኑ 20,000 ከፋዮች በሦስት ደረጃ እንክፈላቸው፦ 8,000 በ800 ብር፣ 8,000 በ1,000 ብር፣ 4,000 በ1,500 ብር። ድምሩ 20.4 ሚሊዮን ነው። ከአንድ ወጥ ክፍያው ትንሽ ይበልጣል፤ ለ8,000 ቤተሰብ ግን ቀለለ። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ 2011 ከአንድ ወጥ ክፍያ ወጥታ ነዋሪውን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ በሰው 2,000፣ 3,000 እና 7,000 ፍራንክ ስታስከፍል፣ የዝቅተኛውን ክፍል መንግሥትና ለጋሾች ይሸፍኑ ነበር። እዚያም ትልቁ ንትርክ የነበረው «እኔ በዚህ ደረጃ አልመደብም» የሚል ነው።

ስለዚህ ደረጃው በሚታይ ነገር ይለይ፦ የንግድ ፈቃድ፣ የሚከራይ ቤት ወይም ክፍል፣ ተሽከርካሪ። «ገቢህ ስንት ነው» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። በቤተሰብ ብዛት ብቻ መደልደልም ይጎዳል፤ ሸዋ በር ላይ ስምንት ልጅ የምታሳድግ የጉልት ነጋዴ፣ ሆጤ ላይ ሱቅ ካላቸው ባልና ሚስት በላይ ትከፍላለች።

የገጠሩ ምዝገባ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ መሆኑ ትክክል ነው፤ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ አለ። ያንኑ ወር ወደ ከተማ ማምጣት ግን ስሕተት ነው። የሊስትሮ፣ የተሸካሚና የባጃጅ ሾፌር ገንዘብ በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ ያልቃል። 1,000 ብር አንዴ አምጣ ሲባል የለውም፤ በሳምንት 20 ብር ግን በ50 ሳምንት 1,000 ይሞላል።

የሚሰበስበው መዋቅር ደግሞ አለ፦ ቅሬ። በየወሩ ይሰበሰባል፣ መዝገብ አለው፣ ማን በእውነት እንደቸገረው ከቀበሌ በላይ ያውቃል። ቅሬው በጅምላ ሲመዘገብ ጤነኛውና በሽተኛው አብረው ይገባሉ፤ ሲታመም ብቻ የሚመዘገበውን ሰው ለመከላከል ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ሊበላሽ የሚችልባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። ገንዘብ ያዡ የመድህኑን ብር ከቀብሩ ብር ጋር በአንድ ደብተር ይይዘዋል፤ ድንገት ለቅሶ ሲደርስ ለድንኳን ይወጣል። ስለዚህ ለብቻው ደብተር ይኑረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ወደ መድህኑ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ሁለተኛው ደረሰኝ ነው፤ ተከታታይ ቁጥር ያለው ካልተሰጠ አባሉ «ከፍያለሁ»፣ ጽሕፈት ቤቱ «አልደረሰኝም» ይላሉ። ሦስተኛው በክፍያ መካከል መታመም ነው፤ ግማሽ የከፈለ ሰው ይታከማል ወይስ አይታከምም የሚለው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሳይሆን በመመሪያ አስቀድሞ ይወሰን። የመጀመሪያውን ሩብ የከፈለ ከ30 ቀን በኋላ ይጠቀማል፣ ሁለት ወር ካቋረጠ ይታገዳል ማለት ለምሳሌ በቂ ነው። ቴሌብር ለወጣቱ ይቀላል፤ ለእናቶች ግን ቅሬው ይሻላል። ሁለቱም ክፍት ይሁኑ።

ድጎማ፦ መጠኑ አይደለም፣ ወሩ ነው

ድጎማው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው ከተሰበሰበው መዋጮ ላይ በመቶኛ የሚታከለው አጠቃላይ ድጎማ ነው። በሙከራው ጊዜ የፌዴራል መንግሥት 25 በመቶ ይጨምር ነበር፤ ኋላ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ሁለተኛው መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ክልሉና ከተማው ወይም ወረዳው የሚሸፍኑት ነው።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። ከ20 ሚሊዮን ላይ 10 በመቶ 2 ሚሊዮን ነው። ጉድለቱ 1.92 ሚሊዮን ነበር። አጠቃላይ ድጎማው በሰዓቱ ቢገባ ጉድለት የተባለው ነገር አይኖርም፣ 80,000 ብርም ይተርፋል። ብዙ «የመዋጮ ማነስ» የሚባል ችግር በቅርብ ሲታይ የድጎማ መዘግየት ነው። መክፈል ለማይችሉት የሚሰጠው 4 ሚሊዮንም ጭምር ሳይገባ ቢቀርስ? የወር ወጪው 2.16 ሚሊዮን ነው፤ 20 ሚሊዮኑ ዘጠኝ ወር ከሳምንት ያህል ይዞ ያልቃል። በአሥረኛው ወር ጤና ጣቢያው የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፣ አይከፈለውም፤ የሚከፈለው ከሌለ መድኃኒት አይገዛም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የፋርማሲው መስኮት ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። አምስት መድኃኒት ታዞላት የመጣች አባል ሁለቱ ይሰጧታል፣ በሦስቱ ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፍባታል። ወጥታ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሷ ትገዛለች። ደረሰኙን ይዛ ገንዘቧ እንዲመለስላት ብትመላለስ የታክሲው ወጪ ይበልጥባታል። በጥር «አድሺ» ስትባል የምታስታውሰው ያንን ወረቀት ነው። የዘገየ ድጎማ በሚቀጥለው ዓመት የእድሳት መጠን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በምንም ቅስቀሳ አይጠገንም።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይህ ነው፦ የከተማውን የድጎማ ድርሻ በበጀቱ ውስጥ ራሱን በቻለ መደብ ማስቀመጥ፣ ግማሹንም በሐምሌና ነሐሴ፣ ቀሪውን እስከ ጥር ማስተላለፍ። «ከበጀት ዓመቱ ማብቂያ በፊት» የሚል ቃል አትቀበሉ። ሰኔ 28 ማለት ነው።

ማን ይደጎም የሚለውን ደሴ ከዜሮ መጀመር አያስፈልጋትም። ለከተማ ድሆች ድጋፍ የሚሰጠው የከተሞች ምርታማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝር አለ። ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙት አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በቀጥታ ይግቡ፤ የቀሩት በቀበሌ ጉባኤ ይለዩ፤ ዝርዝሩም ለአንድ ሳምንት በግልጽ ይለጠፍ። ዝርዝሩ የሚስታቸው ግን አሉ፦ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው ተፈናቃዮች፣ በሰው ቤት በሠራተኝነት ያሉ፣ ቤት ተከራይተው በየስድስት ወሩ ቀበሌ የሚቀይሩ። ለእነዚህ የቅሬ ወይም የቤት አከራይ ምስክርነት የሚበቃበት መንገድ ካልተከፈተ፣ ድጎማው ቀድሞ ለሚታወቀው ድሀ ብቻ ይደርሳል።

ከደመወዝ መቁረጥ

ለመሰብሰብ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው፤ በየወሩ ይገባል፣ ዕዳ አይከማችም፣ ማንም ቤት ለቤት አይዞርም። ለምን ዘገየ? ደመወዝተኛው ላይ ያለውን ቁልል ማየት ነው። ለጡረታ ከእሱ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይቆረጣል። የሥራ ግብሩ አለ። በ4,000 ብር ደመወዝ ላይ 3 በመቶ ሲታከል በወር 120 ብር፣ በዓመት 1,440 ብር ነው፤ አሠሪውም ያንኑ ይጨምራል፣ ድምሩ 2,880። ሠራተኛው የሚጠይቀው ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ከፍዬ የምታከመው እዚያው መድኃኒት የሌለው ቦታ ከሆነ ምን ተረፈኝ?» መምህሩም ነርሱም በስብሰባ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለኮምቦልቻ ሌላ ሁለት ነጥብ አለ። የመጀመሪያው፣ የማኅበራዊ መድህኑ ገንዘብ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚተዳደር ነው፤ የፓርኩ ሠራተኛ መዋጮ የከተማዋን ቋት አያደልበውም። «ፋብሪካ ስላለን ገንዘብ አለን» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው የሠራተኛው መፈራረቅ ነው። በስፌት ፋብሪካ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ይለቅቃል፤ መዋጮው ሲቋረጥ ሽፋኑ በስንት ቀን እንደሚቋረጥ ካልተወሰነ ወይ ሠራተኛው ይበደላል ወይ ቋቱ። ብዙዎቹ ደግሞ ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከኩታበር የመጡ ላጤ ወጣቶች ናቸው፤ በወላጆቻቸው ደብተር ላይ ስማቸው ሰፍሮ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ከመቁረጥ በፊት ይጣራ።

ኬንያ ከጥቅምት 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ከጠቅላላ ደመወዝ 2.75 በመቶ እየቆረጠች ነው፤ ዝቅተኛው በወር 300 ሽልንግ። ከደመወዝተኛው መሰብሰቡ አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት ደመወዝ የሌለው ነው። እኛ በተቃራኒው ደመወዝ ከሌለው ጀምረናል። ቀላሉን ትተን ከባዱን መጀመራችን ያስገርማል፤ ያተረፍነው ልምድ ግን ትንሽ አይደለም።

ሲጋራ፣ ቢራና ተጨማሪ እሴት ታክስ

«ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ሃምሳ ሳንቲም ለጤና ቢቀመጥስ?» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የሚቀርብበት ቦታ ነው የተሳሳተው። እንዲህ ባሉ የተለዩ ሸቀጦች ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ታክስ የሚወሰነው በፌዴራል አዋጅ ነው፤ ከተማ ማስከፈል አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲጋራ ላይ 30 በመቶና በፓኬት 8 ብር ተጣለ። ለጤና ተብሎ የተለየ ድርሻ ግን ያስፈልጋል ከተባለ ያንን መወሰን የሚችለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በብር የተቆረጠ ግብር ሌላም ድክመት አለው፦ የዋጋ ንረት ይበላዋል። የዛሬ 8 ብር ከአምስት ዓመት በኋላ 8 ብር አይደለም፤ በየዓመቱ የሚስተካከልበት አንቀጽ ያስፈልገዋል።

ፊሊፒንስ በፈረንጆቹ 2012 የሲጋራና የመጠጥ ግብር ጨምራ፣ ከጭማሪው ትልቁን ድርሻ ለድሆች የመድህን መዋጮ አዋለችው። የተሳካላት ገንዘቡ «ለጤና» ተብሎ በጥቅሉ ሳይሆን «ለእነዚህ ቤተሰቦች መዋጮ» ተብሎ በመታሰሩ ነው። ጋና በ2003 (በፈረንጆቹ) ሕግ ሸቀጥ ላይ 2.5 በመቶ የጤና መድህን ግብር ጣለች፤ ሠራተኞች ከሚከፍሉት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም ከደመወዙ 2.5 በመቶ የሚሆነውን ወሰደች። የመድህኑ ዋና ገቢ ይኸው ሸቀጥ ላይ ያለው ግብር ሆነ። በ2017 ግን መንግሥት ለተለዩ ፈንዶች የሚሄደውን ገንዘብ በጣራ ገደበው። በስም የተለየ ግብር መጀመሪያ የሚገባው ግምጃ ቤት ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ግምጃ ቤቱ ሲፈቅድ ነው።

ሸቀጥ ላይ ያለ ግብር ዘይትና ሳሙና ከሚገዛውም ይሰበስባል፤ እኛ ዘንድ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ቀድሞውኑ 15 በመቶ ነው። ከሦስቱ የተሻለው ሲጋራው ነው፤ ገቢም ያመጣል፣ የሳንባ በሽተኛም ይቀንሳል። ለከተማ አስተዳደር ግን ዘንድሮ የሚያገለግል ምንጭ አይደለም። ከተማው በእጁ ያለው ሌላ ነው፦ ከማዘጋጃ ቤት ገቢው፣ ከቄራ፣ ከመናኸሪያ፣ ከቦታ ኪራይ፣ የተወሰነ መቶኛ በዓመታዊ በጀቱ ለድጎማ መመደብ። አዲስ ግብር ስላልሆነ አዋጅ አይጠይቅም፤ የምክር ቤት ድምፅ ይበቃዋል።

የውጭ እርዳታ፣ ዘካና ምጽዋት

የውጭ እርዳታ ለሥልጠና፣ ለኮምፒውተር፣ ለጥናት ጥሩ ነው፤ ለመዋጮ መክፈያ አትደገፉበት። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ በአንድ ትእዛዝ ሲቆም የሆነው ይበቃል።

ዘካ የተለየ ነው፤ እዚሁ ይሰበሰባል፣ እዚሁ ይውላል። ድሀና ምስኪን ከዘካ ተቀባዮች ውስጥ ናቸው። ዘካው በመድህን መዋጮ መልክ መከፈሉ ይበቃል ወይስ ገንዘቡ በራሱ በድሀው እጅ መግባት አለበት የሚለውን ዑለማዎቹ ይወስኑ፤ ኃላፊው ቀድሞ አይናገርበት። ከቤተ ክርስቲያን ሰበካም እንዲሁ። ሁለቱም ከመንግሥት ዝርዝር ያመለጠውን ሰው ለመያዝ ያገለግላሉ እንጂ በጀት አይተኩም። ከተማው «እነሱ እየሸፈኑ ነው» ብሎ የራሱን ድርሻ የቀነሰ ዕለት ነገሩ ተበላሸ።

ቋት ማዋሐድና ቀዳዳ መድፈን

አንድ ወረዳ 6 ሚሊዮን ብር ቢኖረውና አሥር አባላቱ እያንዳንዳቸው 150,000 ብር የሚያስወጣ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው 1.5 ሚሊዮን፣ የቋቱ ሩብ ሄደ። ያው ወጪ በ24 ሚሊዮን ቋት ላይ 6.25 በመቶ ነው። ደሴ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ከደቡብና ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአፋርም ሪፈር ይቀበላል። የክፍያ ጥያቄውን ለብዙ ወረዳ ለየብቻ ልኮ፣ ከግማሾቹ ውዝፍ ይዞ ይቀመጣል። ለሆስፒታል ሕክምና ብቻ የሚሆነውን ድርሻ ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ቋት ማሳደግ፣ የጤና ጣቢያውን ከወረዳ ማቆየት የሚመከረው ለዚህ ነው። ተቃውሞው ይታወቃል፤ በደንብ የሰበሰበ ወረዳ «ትርፌን ለሰነፍ አልሰጥም» ይላል። ከ90 በመቶ በላይ ያሳደሰ ወረዳ የትርፉን ከፊል ለጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዲያስቀር ቢፈቀድ ክርክሩ ይለዝባል።

ቀዳዳውን በተመለከተ፣ አዲስ ምንጭ ከመፈለጋችሁ በፊት በየሩብ ዓመቱ 100 የታካሚ ካርዶችን ያለ ምርጫ አውጡና ከክፍያ ጥያቄው ጋር አስተያዩ። አራት ነገር ፈልጉ፦ ያላደሰ አባል የታከመበት፣ በሌላ ሰው ደብተር የታከመ፣ ለተራ ጉንፋን የታዘዘ አንቲባዮቲክ፣ ያልተሰጠ መድኃኒት የተጠየቀበት ክፍያ። ከ100ው ስንቱ እንደተበላሸ ቆጥራችሁ በጠቅላላ ወጪ አባዙት። ከመዋጮ ጭማሪው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ካገኛችሁ፣ ጭማሪውን አቆዩት።

ታዲያ የቱ ለማን?

ደሴ የነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛና የተፈናቃይ ከተማ ናት። ቅደም ተከተሉ፦ ድጎማውን በሐምሌ ማስገባት፣ የሴፍቲኔት ዝርዝሩን መጠቀም፣ መዋጮውን በሦስት ደረጃ መክፈል፣ በቅሬ በትንሽ በትንሹ መሰብሰብ። መዋጮ መጨመር ከእነዚህ በኋላ፣ ያውም የእድሳቱ ቁጥር ከታየ ነው። ለነጋዴው ክፍያውን ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ከሐምሌ ግብር ጋር ግን አትደርቡት። ክረምት ነው፣ ገበያ ቀዝቃዛ ነው፣ ነጋዴው የሚያስበው የግብር ግምቱን ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ሌላ ናት። ትልቁ ክፍተት ደመወዝተኛው ስለሆነ፣ የማኅበራዊ መድህኑ እስኪደርስ የፋብሪካ ሠራተኞችና ቤተሰባቸው በምን አግባብ እንደሚያዙ ለጤና መድህን አገልግሎቱ ቅርንጫፍ በጽሑፍ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። በቃል የተባለ ፈቃድ ኦዲተር ሲመጣ አይገኝም። ከተፈቀደ አሠሪው ከወር ደመወዝ ቆርጦ በቼክ ያስገባል፤ ጥያቄው ሲላክም የሠራተኛው ብዛት፣ ከነዚያ ባለትዳር የሆኑት፣ በወላጅ ደብተር ላይ ያሉት፣ በዓመት የሚለቅቁት አብረው ይያያዙ። ያለ እነዚህ አራት ቁጥሮች የተላከ ደብዳቤ «ዝርዝር ይቅረብ» ተብሎ ይመለሳል፤ ያ ደግሞ ሁለት ወር ነው።

ከምክር ቤቱ የበጀት ስብሰባ በፊት በእጅ መኖር ያለበትም እንደዚሁ አጭር ነው፦ የሦስት ዓመት የእድሳት መጠን በቀበሌ፣ የድጎማው ገንዘብ በየዓመቱ ሒሳብ ውስጥ የገባበት ቀን፣ ለጤና ተቋማት ያልተከፈለ ውዝፍ፣ በአንድ ወር ውስጥ «የለም» ተብሎባቸው የተመለሱ ማዘዣዎች ብዛት። የመጨረሻውን ከፋርማሲው መዝገብ በእጅ መቁጠር ይጠይቃል። ሁለት ሰው ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ግንቦት ላይ ይጀመር፣ ሰኔ ሁሉም ሰው ሒሳብ መዝጊያ ላይ ነው።